ሃያ አራቱ መስመሮች

ሰኞ፣ የመጀመሪያው ሳምንት

የውድድሩ ሰነድ ዛሬ እጃችን ገባ። ማዘጋጃ ቤቱ አሮጌውን ቄራ ዘመናዊ ሙዚየም ሊያደርገው ነው። የሚፈልጉት ለጊዜው የጽንሰ ሐሳብ ንድፍ ነው፦ ፕላን፣ ሕንፃውን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆ የሚያሳይ ሴክሽን፣ አንድ ሞዴልና ሁለት ገጽ ማብራሪያ። ስድስት ሳምንት ሰጥተውናል። ይህን ደብተር የገዛሁት ለንድፉ ብቻ ነው፤ ሌላ ነገር ላልጽፍበት ለራሴ ቃል ገብቻለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሳይቱን ሄጄ አየሁት። ቄራው ከተዘጋ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ሽታው ግን አልለቀቀም። ቁልቁለት ላይ ነው የተቀመጠው፤ ከላይ መንገዱ፣ ከታች ወንዙ። ወንዙ ድረስ ወርጄ ሳላለከልክ ተመልሼ ወጣሁ። መንጠቆዎቹ ጣሪያው ላይ እንደተሰቀሉ ናቸው። ወለሉ መሃል ቦይ ተቆፍሯል፤ ደሙ በዚያ ተንዶልዱሎ ወንዝ ይገባ ነበር። አንድ ሽማግሌ ዘበኛ አሉ፤ በጉልምስናቸው እዚያው በሬ ይጥሉ ነበር። መንጃውን አሳዩኝ። በሁለት ግንብ መካከል ያለ፣ በሬ አንዴ ከገባ መዞር የማይችልበት መተላለፊያ ነው።

«ለምንድን ነው እንዲህ የጠበበው?» አልኳቸው።

«ሰፊ ከሆነማ ይመለሳል» አሉ። «ወደፊት ብቻ ካለው ዝም ብሎ ይሄዳል ልጄ። ዱላም አያስፈልገው።»

ዝም ብሎ ይሄዳል። ማታም ጆሮዬ ላይ ነበር።

ረቡዕ

መጣልኝ።

ሙዚየሙ ራሱ መንጃ ነው። ጎብኚ ከላይ ከመንገዱ ይገባል። ግድግዳው በየእርምጃው ይጠባል፣ ብርሃኑ ይቀንሳል፣ ወለሉ ይወርዳል። ሃያ ሜትር ቁልቁል። መመለሻ የለም። ታች፣ ኮረብታው ሆድ ውስጥ፣ ትልቁ አዳራሽ። መንጠቆዎቹ ከራስ በላይ። ከዚያ አንድ የብረት በር፤ ሲከፈት ወንዙና ቀኑ። ሰው ግድግዳ ላይ የተጻፈ ነገር ማንበብ አያስፈልገውም፤ እግሩ ይነግረዋል።

ምሳ አልበላሁም። ራትም።

ዓርብ

ቢሮ የምንለው የቤታችን ምድር ቤት ነው። ባለቤቴ ኢንጂነር ናት፣ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች፤ እኔ የሣልኩት እንዳይወድቅ የምታሰላውና የምትፈርመው እሷ ናት። ታናሽ ወንድሜ ኋላ ክፍል ሞዴል ይሠራል። አንድ ሚሊ ሜትር ስለማይስት ሚሊ እንለዋለን፤ እውነተኛ ስሙን ልጄም አታውቀው ይሆናል። ድንቢጥ የምንላት ልጃችን ሰባት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትራፊ ካርቶን ለቅማ ጥግ ላይ ቤት ስትሠራ ትውላለች።

ዛሬ የመጀመሪያውን ሞዴል ጠረጴዛ ላይ አቀረብኩ። ባለቤቴ ጎንበስ ብላ በመተላለፊያው ውስጥ አየች።

«ይሄ ሙዚየም አይደለም» አለች። «ወጥመድ ነው። ሰው መጥቶ ልጁን ይዞ እዚህ ይገባል? እሳት ቢነሳስ በየት ይወጣል?»

«መፍራት አለበት» አልኳት።

«ማን ነው ያለው? ቄራው ነው ወይስ አንተ?»

ደሜ ፈላ። ሞዴሉን በጡጫዬ መታሁት፤ እንደ ብስኩት ተፈረካከሰ። ፎም ነው፣ የሚያስለቅስ ነገር የለውም፤ ደግሞም የመተላለፊያው ስፋት ልክ አልነበረም፣ መፍረሱ አይቀርም ነበር። እጄ አምልጦኝ ነው አልኳቸው። ሚሊ ሁለት እጆቹን ከጠረጴዛው ስር ከተተ። ከልጅነቱ ጀምሮ የያዘው አመል ነው፤ ድምፅ ሲነሳ እጁን ይደብቃል።

ድንቢጥ ፍርስራሹን ለቀመች። «አባዬ፣ ይሄ ቁራጭ ለእኔ ይሁን?» አለችኝ። ይሁንልሽ አልኳት። አንጀቴን በላችው።

ማክሰኞ፣ ሁለተኛው ሳምንት

የቀያሾቹ ካርታ ደረሰ። ከመንገዱ እስከ ወንዙ የከፍታ መስመሮቹን ቆጠርኩ፤ ሃያ አራት። ሃያ አራት ሜትር ገደል ማለት ነው። ለእኔ አዳራሽ ታስቦ የተፈጠረ ኮረብታ። ያን ሁሉ ሳላለከልክ መውጣቴ ገረመኝ፤ ገና ጎልማሳ ነኝ።

በአንድ ለሁለት መቶ ሞዴል አንድ ሜትር አምስት ሚሊ ሜትር ነው። ለእያንዳንዱ መስመር አንድ ንብርብር ካርቶን። ባለ አምስት ሚሊውን ካርቶን ራሴ ሄጄ አመጣሁ። ሚሊ ነገ ይጀምራል።

ሐሙስ

ሥራ ፈትቼ አይደለም የምጽፈው። ሚሊ ሲቆርጥ አይቼው ትዝ አለኝና ነው።

አባታችን የግንበኞች አለቃ ነበር። ከልጆቹ ይልቅ የሚሳሳለት አንድ ውሃ ልክ ነበረው፤ በጨርቅ ጠቅልሎ ትራስጌው ያስቀምጠው ነበር። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ከመወጣጫው ላይ ጣልኩት። መስታወቱ ተሰብሮ ፈሳሹ አሸዋው ላይ ፈሰሰ። አባቴ ሲመጣ ማን ነው ብሎ ጠየቀ። አምስት ዓመት ያልሞላው ሚሊ «እኔ» አለ።

አባቴ እጆቹን ድንጋይ ላይ አስዘርግቶ በእንጨት ሜትሩ መታው። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት። ጥፍሩ ወልቆ እስኪበቅል ወራት ፈጀ።

ለምን «እኔ» እንዳለ እስከ ዛሬ ጠይቄው አላውቅም። በዚያው እጅ ግን ከተማው ውስጥ እሱን የሚስተካከል ሞዴል ሠሪ የለም።

አባቴ አስቦበት ነበር የሚመታው። እኔ ይፈላብኛል እንጂ አስቤ ሰው ነክቼ አላውቅም። ልዩነቱ ለማንም ግልጽ ነው።

ቅዳሜ

ትናንት ማታ የዕቃ ክፍሉን በር በኃይል ከፈትኩት። ባለቤቴ ከበስተኋላው ቆማ ነበር። አላወቅኩም። ክንዷ ጠቆረ።

በር ነው።

ከዚያ በፊት ስለ እሳት መውጫው እየተነጋገርን ነበር። እሷ ናት ከክፍሉ ወጥታ ወደዚያ የገባችው፤ እኔ ተከትያት ሄድኩ እንጂ። ዛሬ በዚህ ሙቀት ረጅም እጅጌ ለብሳ ወረደች። አንድ ቃል አልተናገረችም። እሱ ነው ይበልጥ የሚያንገበግበኝ፤ ብትሰድበኝ ይሻላል።

ማክሰኞ፣ ሦስተኛው ሳምንት

ሥራ ተቆልሏል። ማብራሪያው አልተጻፈም። ሴክሽኑ ተጀመረ። የብረት በሩ ወርዱ ስንት ይሁን? ሁለት ሜትር ከአርባ።

ውሃ ልጠጣ ስወጣ ባለቤቴና ሚሊ ማድ ቤት ሲያወሩ ሰማሁ።

«በፊት ሲጮህ ጆሮዋን ትይዝ ነበር» ትለዋለች። «አሁን አትይዝም። ቁጭ ብላ ትቆጥራለች።»

ስገባ ሁለቱም ዕቃ ወደ ማጠብ ዞሩ። ምን እንደምትቆጥር አልገባኝም። ትምህርት ቤት ቁጥር እያስተማሯት ይሆናል።

ዓርብ

ኮረብታው እየተነሳ ነው። አሥር ንብርብር። ሚሊ እንደ ዳቦ ቁራሽ እያነባበረ ያጣብቀዋል፤ ጠርዙን በጣቱ ይዳስስና አንዲት ስንጥር ካገኘ መልሶ ይልጋል። አጠገቡ ስቆም ልቤ ያርፋል። ይህን ነግሬው ባውቅ ጥሩ ነበር።

ዛሬ አንዴ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ቦታው እንዲህ ገደል ነው እንዴ?» አለኝ። ነው አልኩት። ሳይቱን ያየሁት እኔ ነኝ።

ረቡዕ፣ አራተኛው ሳምንት

ሚሊ እጁ ተቆረጠ። ቀኝ እጁ። ከተር ነው፣ የካርቶን መቁረጫው ቢላ። ሆስፒታል ዋልን። ከተሩ አምልጦ ነው። ሸሚዜን ጣልኩት። ነገ እጽፋለሁ።

ሐሙስ

እንደሆነው ልጻፈው።

ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነበር። ባለቤቴ ሌላ ሳይት ላይ ናት። ድንቢጥ ገና ከትምህርት ቤት አልመጣችም፤ ቦርሳዋን ደረጃው ላይ አይቼዋለሁ፣ ግን ጠዋት ረስታው ሄዳ መሆን አለበት። ሚሊ አሥራ ሰባተኛውን ንብርብር እየቆረጠ ነበር። ድንገት ከተሩን አስቀመጠና ካርታውን ሳበ።

«ጋሼ፣ አትቆጣኝ» አለ። «ካርቶኑ በዝቷል። አምስት ሚሊ አይደለም።»

ካርታውን አላየሁትም። ሁለት ሳምንት አልቆጠርኩበትም ብላችሁ ነው? ሰው የሕይወቱን ሥራ ይዞ ሲሮጥ ከኋላ ካፖርቱን የሚይዙት የገዛ ቤተሰቦቹ ናቸው። ባለቤቴ በእሳት መውጫ፣ እሱ በካርቶን።

«ቁረጥ» አልኩት።

«እየው። ጥጉ ላይ ተጽፏል። ሁለት ሚሊ ተኩል ነው መሆን ያለበት፤ እዚህ ጋ።» ሌባ ጣቱን ካርታው ጥግ ላይ አሳረፈ። አላነሳውም። ደጋግሞ መታ መታ አደረገው።

ከተሩን አነሳሁ። እንዴት እንደሚቆረጥ ላሳየው ብዬ ነው። እጁ ካርታው ላይ ነበር። ከተሩ አመለጠኝ።

ወደ እኔ አላየም፤ ወደ በሩ ነው ያየው። ከዚያ የተቆረጠውን እጁን ከጠረጴዛው ስር ከተተው። ደሙ ጫማዬ ላይ ተንጠባጠበ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ዓይኑ አያርፍም። ቁስሉን አጥቦ ገለጥ አደረገና ጠየቀው።

«በምን ሆነ?»

«ካርቶን ስቆርጥ አምልጦኝ ነው» አለ ሚሊ።

«ያመለጠ ቢላ ወደ ጎን ነው የሚሄደው። ይሄ ከላይ ነው የወረደው።» እኔን አየኝ፣ እሱን አየው። «በየትኛው እጅህ ይዘኸው ነበር?»

ሚሊ የተቆረጠውን ቀኝ እጁን አየ።

«በግራዬ» አለ።

ሚሊ በግራ እጁ ማንኪያም አንስቶ አያውቅም። ሐኪሙ ጻፈ። የሌባ ጣቱና የመሃል ጣቱ ጅማት ተበጥሷል፤ ሰፍቶታል፤ ይታጠፉ አይታጠፉ ከወር በኋላ ይታያል አለ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ነበር። አፌን ምን እንደለጎመኝ አላውቅም።

ባለቤቴ ማታ ስትመጣ ሚሊ ራሱ ነገራት። አመለጠኝ አላት። ፋሻውን አይታ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ ሴክሽን እየሠራሁ ነበር።

ቅዳሜ

ካርታው ጥግ ላይ ደም ደርቋል። በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት። ከደሙ ስር በደቃቅ ፊደል እንዲህ ይላል፦ የመስመሮች ልዩነት፣ ግማሽ ሜትር።

ግማሽ።

ሃያ አራት መስመር አሥራ ሁለት ሜትር ነው። ወንዙ ከመንገዱ አሥራ ሁለት ሜትር ብቻ ነው የሚወርደው። የእኔ አዳራሽ ወለል ሃያ ሜትር ታች ነው። ስለዚህ አዳራሹ ከወንዙ በስምንት ሜትር ዝቅ ይላል። ጎብኚው መንጃውን ጨርሶ፣ መመለሻ በሌለበት፣ የብረት በሩን ሲከፍት ቀኑ አይደለም የሚጠብቀው። ወንዙ ነው። እንዳለ ይገባበታል።

ሦስት ጊዜ አሰላሁት። የተማሪ ስህተት ነው። የመጀመሪያ ዓመት ላይ ይህን የሳተ ልጅ ክፍል ሙሉ ይሳቅበት ነበር።

ለማረም ጊዜ አለ። አሥራ አራት ቀን። ግን ካረምኩ ባለቤቴ በምን አወቅክ ትለኛለች። ሚሊ ነገረኝ ካልኳት መቼ ትለኛለች። ረቡዕ ካልኳት…

እሷ መደመር ታውቃለች። ሥራዋ ነው።

ሰኞ፣ አምስተኛው ሳምንት

ጽንሰ ሐሳብ ነው። ጽንሰ ሐሳብ ውስጥ ሰው አይሰምጥም። ካሸነፍን በኋላ በዝርዝሩ ንድፍ ይስተካከላል፤ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው።

የቀሩትን ስምንት ንብርብሮች ራሴ ቆረጥኩ። ጠርዛቸው አስቀያሚ ነው። ሚሊ ኋላ ክፍል ገብቶ አየኝ፤ በግራ እጁ ማጣበቂያውን አቀበለኝ። ስለ ካርቶኑ ውፍረት ምንም አላለም። ቢል ይሻለኝ ነበር። አይ፣ አይሻለኝም ነበር።

ሐሙስ

ባለቤቴ ከመፈረሟ በፊት የቅየሳ ካርታውን ጠየቀችኝ።

«ደም ነክቶት ጣልኩት» አልኳት። ዓይኔን በጨው አጥቤ። ካርታው እዚህ ደብተር ውስጥ አራት ታጥፎ አለ።

«ሌላ ቅጂ ከቀያሾቹ እንጠይቅ።»

«ከፍታዎቹ ሁሉ ሴክሽኑ ላይ አሉልሽ። አታምኚኝም?»

ብዕሩን አነሳች። አታምኚኝም ስላት ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፤ ድንቢጥ ጥግ ላይ የምትሠራውን ቤት አቁማ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ባለቤቴ ወደ እሷ አየች። ፈረመች።

ዓርብ፣ ስድስተኛው ሳምንት

አስረከብን። ሞዴሉን እኔና ሚሊ ይዘነው ገባን፤ እሱ በአንድ እጁ። መዝጋቢዋ «እንዴት ያስፈራል» አለች። በምስጋና ወሰድኩት።

ሐሙስ፣ ሰባተኛው ሳምንት

ከሦስቱ አንዱ ሆነናል! በስልክ ነገሩኝ። በመጪው ሳምንት ዳኞቹ ፊት እናቀርባለን። ጮክ ብዬ ተጣራሁ፤ ሦስቱም ደንግጠው መጡ፤ ደስታ መሆኑ እስኪገባቸው ጊዜ ወሰደ።

የሚሊ ፋሻ ዛሬ ተፈታ። ሁለቱ ጣቶች ቀጥ ብለው ቀሩ። ሐኪሙ ልምምድ አድርግ ብሎታል። ድንቢጥ ሙጫውን በእነዚያ ጣቶች መሃል ታስይዘዋለች፤ ይወድቅበታል፣ መልሳ ታስይዘዋለች። «እንደ ድሮው ሥራ አጎቴ» ስትለው ሰማሁ። ወጥቼ ሄድኩ። ሚሊ ካርቶን የማይቆርጥ ከሆነ ምን ያደርጋል? ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ሌላ ምንም አያውቅም።

ማክሰኞ፣ ስምንተኛው ሳምንት

ከትምህርት ቤት ተጠራሁ። ባለቤቴ ስብሰባ ላይ ስለነበረች ብቻዬን ሄድኩ።

ትንሽ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፤ ጉልበቴ ደረቴ ደርሶ። ድንቢጥ ከመምህሯ ጎን ቆማለች። ፊት ለፊት አንዲት ፀጉሯ የተጎነጎነ ልጅ እጇ በጨርቅ ተጠምጥሞ ትንሰቀሰቃለች። ሁለቱ ካርቶን ቤት እየሠሩ ነበር አሉ። ልጅቷ «ቤትሽ ጠማማ ነው» አለቻት። ድንቢጥ ባለ ብረት ጠርዙን ማስመሪያ አነሳች።

«ማስመሪያው አመለጠኝ ነው የምትለው» አለች መምህሯ። ድምፅዋ የለሰለሰ ነው፤ እሱ ነው የከበደኝ። «እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። የልጅቷን እጅ ጠረጴዛው ላይ ያዘችና ከላይ አወረደችው። አንዴ አይደለም። ቤት ውስጥ ያየችው ነገር ይኖር ይሆን ብዬ ነው እርስዎን የጠራሁት።»

ድንቢጥ ቀና ብላ አየችኝ። የምትፈራ አትመስልም። ዓይኗ የሚጠብቅ ዓይን ነው።

«አባዬ ንገራት» አለች። «ያመልጣል አይደል?»

ምን ልበል? የምትንሰቀሰቀውን ልጅ አየሁ። መምህሯን አየሁ። ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ሥዕሎች አየሁ።

«አዎ» አልኩ። «አንዳንዴ ያመልጣል።»

መምህሯ ብዙ አየችኝ። ከዚያ ጻፈች። ሁሉም ሰው ይጽፋል።

በመንገድ ላይ ድንቢጥ እጄን አልያዘችም። አንድ ጊዜ ብቻ «አንዴ አይደለም፤ ስድስት ነው» አለች። ምኑ አልኳት። ቦርሳዋን ተሸክማ ቀደመችኝ።

ሐሙስ

ሦስት ዳኞች። ረጅም ጠረጴዛ። ሞዴሉ መሃል ላይ። ባለቤቴ በስተቀኜ። ሚሊ ሞዴሉን ከመዝገብ ክፍሉ ተሸክሞ ስለመጣ በሩ አጠገብ ቆሟል። ከሌላው ቀን ይልቅ አፌ ተፈታ፤ ስለ መንጃው፣ ስለ ቦዩ፣ ስለ ሽማግሌው ዘበኛ ተናገርኩ። ዳኞቹ ወደ ሞዴሉ ተጠጉ። በእጄ ነበሩ።

ከዳኞቹ አንዷ፣ መነጽር ያደረገች ወጣት ኢንጂነር፣ ማስመሪያዋን ሞዴሉ ጎን አቆመች።

«ይቅርታ፣ ይህን ኮረብታ ባለፈው ሳምንት ወጥቼዋለሁ» አለች። «እንዲህ አላደከመኝም። በመስመሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ስንት ነው?»

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። ሴክሽኑን አየች። እሷ ለማስላት አንድ ደቂቃ አይፈጅባትም።

አንድ ሜትር ልል አፌን ከፈትኩ። ግማሽ ልልም ከፈትኩ። ሁለቱም አልወጣ አለ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው።» ሚሊ ነው። ከበሩ ወደ ጠረጴዛው መጣ። «ግማሽ ሜትር ነው። ወፍራም ካርቶን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ጋሼ አያውቅም።»

ሁለቱን የማይታጠፉ ጣቶች ሁሉም ሰው አያቸው።

አሥራ ሁለት ብዬ የቆጠርኩበት ግድግዳ ነበር ከጀርባዬ። ያው ግድግዳ። ዝም አልኩ። ዕድሜዬ አርባ አንድ ነው፣ የገዛ ልጄን ያሳደግኩ ነኝ፣ ዝም አልኩ።

ኢንጂነሯ ካልኩሌተር ሳታወጣ አሰላችው። «ታዲያ ይህ በር ሲከፈት ሰዎቹ ይሞታሉ» አለች። የተቆጣችም አትመስልም። ከውድድሩ ወጣን። የሴክሽኑ ፊርማ ለባለሙያዎች ማኅበር ይላካል አሉ። የባለቤቴ ፊርማ ነው።

ደጅ ወጥተን መኪናው አጠገብ ቆመች።

«መቼ ነው የነገረህ?» አለችኝ።

«ተይው እባክሽ» አለ ሚሊ።

«አንተን አይደለም የጠየቅኩት።» የሚሊን እጅ አነሳች። እንደ ካርታ ገለበጠችው። ጠባሳውን ከላይ እስከ ታች በጣቷ ተከተለችው፣ በሩ የመታውን የራሷን ክንድ በእጅጌዋ ላይ ያዝ አደረገች።

ዓርብ

ለማኅበሩ ደብዳቤ ጽፌ ላክሁ። ካርታውን ከዚህ ደብተር አውጥቼ አያያዝኩት። ስህተቱ የእኔ መሆኑን፣ ወንድሜ በጊዜው ነግሮኝ እንደነበር፣ ካርታውን ከባለቤቴ ደብቄ እንዳስፈረምኳት ጻፍኩ። ስለ እጁ አልጻፍኩም። የእነሱ ጉዳይ አይደለም።

ባለቤቴ ወደ እናቷ ቤት ልትሄድ ነው። ድንቢጥንም ይዛ። ሚሊም አብሯቸው ይሄዳል፤ ሻንጣዎቹን በግራ እጁ እያወጣ ነው። ማንም አልጮኸም። ቤቱ እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

ቅዳሜ፣ ጠዋት

ዕቃው መኪና ላይ ሲጫን አምስት ደቂቃ ስጪኝ ብዬ ባለቤቴን ለመንኳት። በሩ ይከፈት አለች። ተከፈተ።

ኋላ ክፍል፣ የሚሊ ጠረጴዛ ላይ፣ ድንቢጥን ፊት ለፊቴ አስቀመጥኳት። ጃኬቷን ለብሳለች። እግሯ መሬት አይደርስም። ሌሊቱን ሙሉ ቃሉን ሳዘጋጅ ነበር ያደርኩት፤ አንዱም አልመጣልኝም።

«ያን ቀን» አልኳት፣ «ከተሩ አላመለጠኝም። የአጎትሽን እጅ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ተናድጄ፣ ሆን ብዬ ነው። ለመምህርትሽም የነገርኳት ውሸት ነው። አያመልጥም።»

ጽፌው አላውቅም ነበር። እዚህም። አሁን ጻፍኩት።

«አውቃለሁ» አለች።

«እንዴት ታውቂያለሽ?»

«በሩ ላይ ነበርኩ።» በጣቷ አሳየችኝ፤ ሚሊ ያን ቀን ያየበትን ቦታ። «አጎቴ ዝም በይ አለኝ በዓይኑ።»

ከውጭ ባለቤቴ ጠራቻት። እሷ ግን ወዲያው አልተነሳችም፤ የምለው ያልጨረስኩ መስሏት ይሆናል፣ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። ፀጉሯን ልዳብሳት እጄን ዘረጋሁ።

ሁለት እጆቿን ከጠረጴዛው ስር ከተተች።